ማንቆርቆሪያና ሂተር አንድ ክፍል አይገቡም

ሰኞ 3

ካራቫን ውስጥ ገባን። ዝናቡ ጣሪያችንን ከነኮርኒሱ ሳሎን ላይ ካወረደው በኋላ ኮንትራክተሩ ሦስት ሳምንት ስጡኝ አለ፤ እኔም አመንኩት። ጣሪያ የወረደበት ሰው የማያምነው ነገር የለም።

ካራቫኑ፣ ያ በመኪና የሚጎተት ጠባብ ቤት፣ የሚስቴ ወንድም ንብረት ነው። ለሽርሽር ለሚወጡ ሰዎች ሲያከራየው ኖሮ አሁን ግቢው ውስጥ አቁሞታል። ሰውዬውን ሻምበል ነው የምንለው። የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ትእዛዝ ሲሰጥ ግን ጄኔራልም አይደርስበት። ገና ዕቃ ሳናወርድ እናቴ እሱ ቤት እንድትገባ፣ ባዶ ክፍል እንዳለው ነገረኝ። እናቴን ሰው ቤት አላስጠጋም ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ካራቫኑም የሱ መሆኑን ሊያስታውሰኝ ይችል ነበር። ጨዋ ሰው ነው፣ ሻንጣችንን ማውረድ ጀመረ።

እንግዲህ አራት ነን፤ እኔ፣ ሚስቴ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጃችንና እናቴ። የእናቴን የኦክስጅን ማሽን ከቆጠርን አምስት። ሳንባዋ ደክሟል። ሐኪሙ ሌሊቱን ሙሉ ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በማሽኑ እንድትተነፍስ አዟል። "ካልሆነ ግን…" ብሎ ሳይጨርስ ማዘዣውን ሰጠኝ። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም።

ረቡዕ 5

ዛሬ መብራት ሦስቴ ጠፋ። ሦስቴም ጥፋቱ የኛው ነው።

ለራሴ እንዲገባኝ ልጻፈው። ካራቫኑ የሚኖረው ከሻምበል ቤት ግድግዳ በመጣ አንድ ገመድ ነው። የመስመሩ ብሬከር አሥር አምፔር ነው፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ካለፍን ብሬከሩ ይወድቃል፣ እኛም ጨለማ ውስጥ እንቀራለን። ማንቆርቆሪያው ብቻውን ሁለት ሺህ ይበላል። ሂተሩ አንድ ቁጥር ላይ አንድ ሺህ፣ ሁለት ቁጥር ላይ ሁለት ሺህ። የእናቴ ማሽን ሦስት መቶ ሃምሳ። ፍሪጁ መቶ። የልጄን ፀጉር ማድረቂያ አልጽፈውም፣ እበሳጫለሁ።

ብሬከሩ ያለው ሻምበል በረንዳ ላይ ነው። በፒጃማ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ በዚያ ዝናብ ተመላለስኩ። ሻምበል በመስኮት ሻይ እየጠጣ ያየኛል። ትልቅ ብሬከር ብንቀይርበትስ ብዬ ጠየቅሁት። ያኔ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ገመዱ ግን ይቃጠላል፣ ከነቤተሰብህ አለኝ፤ ሻዩን እንኳ አላስቀመጠም።

በሦስተኛው ጊዜ ውሃ እየተንጠባጠበብኝ ስገባ፣ "ይሄ ማሽን ባይኖር እኮ እኛም እንደ ሰው እንኖር ነበር" አልኩ። ለቀልድ ነው። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታ ነበር፣ አልሰማችም። ሚስቴ ግን ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

ቅዳሜ 8

አገኘሁት! እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም? እኔ እኮ ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤቱን የክፍለ ጊዜ ድልድል የምሠራው እኔ ነኝ። የማይነጋገሩ ሁለት የሒሳብ መምህራንን በአንድ ፈረቃ ያኖረ ሰው ማንቆርቆሪያና ሂተር ያቅተዋል?

ስለዚህ ደለደልኩ፤ ያውም በአራት ቀለም። ጠዋት አንደኛ ክፍለ ጊዜ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለተኛ ፀጉር ማድረቂያ። ሂተር ሁለት ቁጥር ላይ የሚወጣው ቀን ቀን ብቻ ነው፤ ያኔ እናቴ ያለ ማሽን ትቀመጣለች። ሌሊቱን ሙሉ ማሽኑ ይሠራል፣ ሂተሩ አንድ ቁጥር ላይ ይቆያል። ማንቆርቆሪያና ሂተር መቼም አንድ ክፍል አይገቡም። ደንብም አወጣሁ። አንድ ነገር መሰካት የፈለገ ሰው የዕቃውን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሌላው "ጠፍቷል!" ብሎ ሲመልስለት ብቻ ይሰካል።

ድልድሉን ፍሪጁ ላይ ስለጥፍ ልጄ ቆማ አየችኝና ደወልም ይኖረን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለማሾፍ ነው። ሐሳቡ ግን መጥፎ አይደለም።

እሑድ 9

ደወል ገዛሁ። ሚስቴ ደበቀችው።

ማክሰኞ 11

ድልድሉ ይሠራል። ጠዋት ጠዋት "ማንቆርቆሪያ!" "ሂተር ጠፍቷል!" ስንባባል ሻምበል በረንዳው ላይ ሆኖ ጨረታው ስንት ደረሰ ይለናል። ይሳቅ። ብሬከሩ አልወደቀም።

አንደኛ የወጣችው ተማሪዬ እናቴ ናት። ራዲዮኗን ለመክፈት ሳይቀር ታስፈቅደኛለች። ዛሬ አጠገቤ ተቀምጣ የትኛው ዕቃ ስንት እንደሚበላ አንድ በአንድ አስነገረችኝ። ከምድጃው በላይ ያለችው ጭስ ማውጫ ማራገቢያስ? እሷ ድምፅ ብቻ ናት፣ የምትበላው ኢምንት ነው አልኳት። ማሽኑስ? ነገርኳት። ቆየት ብላ ስለ ማሽኑ እንደገና ጠየቀችኝ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ የመማር ፍላጎት! ደስ ብሎኝ ለሚስቴ ስነግራት፣ ለምን ጠየቁህ አለችኝ። ለምን ይሆናል? ለዕውቀት ነዋ።

የልጄ አልጋ በሩ ሥር ነው። ሌሊት ሌሊት ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ እንደሚያድር ቁርስ ላይ አማረረች። ሒሳቡ የሚፈቅደው አንድ ቁጥር ብቻ ነው አልኳት። ሒሳቡ መቼ ይበርደዋል አለችኝ። አፏን ከኔ ነው የወረሰችው፤ ማንን እወቅሳለሁ?

ዓርብ 14

ዛሬ ልንቃጠል ነበር። ፊደሌን ያየ ሰው ተማሪ ነው ይለኛል።

እራት ላይ ፕላስቲክ ሸተተ። መጀመሪያ ያወቀችው እናቴ ናት፤ አፍንጫዋ ከሳንባዋ በስንት ዓመት ያንሳል። ወርጄ ካራቫኑ ሥር ባየው፣ ጥቅሉ ላይ የቀረው ገመድ ለስልሶ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ይጨሳል። ሻምበል ሮጦ ከግድግዳው ነቀለው።

አሳፋሪው ነገር ይኸውና። ገመዱ ረጅም ነው፣ ካራቫኑ ደግሞ ለቤቱ ቅርብ። ሻምበል በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ፍታውና ዘርጋው፣ ተጠቅልሎ ሎድ አይሸከምም ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የተዝረከረከ ነገር ስለማልወድ ትርፉን ጥቅልል አድርጌ አሰርኩት። በየቀኑም እየዞርኩ አጠበቅሁት። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ይጋገራል ለካ። በንጽህናዬ ቤተሰቤን ልጠብስ ነበር።

አሁን ወፍራም አዲስ ገመድ ግቢው ላይ እንደ አንጀት ተዘርግቷል። እኔ ደግሞ ዝም አልልም፤ ቢያንስ አጠቃለሉ የሚያምር ነበር እያልኩ ሻምበልን ስሟገት እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ "ይሄ ሁሉ የኔ ማሽን ጣጣ ነው፣ አይደል?" አለችኝ። ቆይ እማዬ አልኳትና ክርክሬን ቀጠልኩ። ተመልሼ መልስ የሰጠኋት አይመስለኝም። ነገ እነግራታለሁ።

ሰኞ 17

ሌሊቱ ሞቀ! ልጄ ኮቷን አውልቃ መተኛት ጀመረች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቅዳሜ የመስኮቶቹን ክፍተት በሙሉ በፕላስተር አሸግሁት። አንድ ጥቅል ፕላስተርና ትንሽ ጭንቅላት ይበቃል አልኳት ሚስቴን። "ትንሽ" ያልኩት ላይ ተስማማች።

ለእናቴ ልነግራት ያሰብኩትን ረሳሁ። ቀን ቀን ስለምትተኛ አላገኛትም።

ሐሙስ 20

ለሥራ ረፍዶብኛል። ማራገቢያዋ ዛሬም ተከፍታ አደረች። ትናንትም። ማን ነው? ሁሉም እኔ አይደለሁም ይላል። እናቴ ሹራቧን ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታጥፋለች። የምትበላውማ ምንም አይደል፤ እኔን ያናደደኝ የሥርዓቱ ጉዳይ ነው! ማራገቢያ ድልድሉ ላይ የለችም።

ቅዳሜ 22

ጉድ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሽንቴ ቀስቅሶኝ ብነሣ ሂተሩ ሁለት ቁጥር ላይ ነው። ቆሜ ደመርኩ። ሂተሩ ሁለት ሺህ፣ ማሽኑ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ፍሪጁ መቶ። ከልክ ያለፈ ነው፤ ብሬከሩ ድሮ መውደቅ ነበረበት። እሱ ግን አልወደቀም። ማሽኑም ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ መልሱ መጣልኝ፤ ፋብሪካዎች ዕቃው የሚበላውን ሁልጊዜ ከፍ አድርገው ይጽፋሉ። በራሴ ኮርቼ ሂተሩን ወደ አንድ መልሼ ተኛሁ።

ጠዋት ልጄን ቁጭ አድርጌ ገሠጽኳት። አልነካሁም ብላ ማለች። ስታለቅስም አላመንኳት። እናቴ መሐል ገብታ ልጅቷን ተዋት፣ በጨለማ እኔ ነክቼው ይሆናል አለች። አያት አይደለች? ትሸፍንላታለች።

ረቡዕ 26

ኮንትራክተሩ ሌላ ሦስት ሳምንት አለ። እሺ አልኩ። "እሺ" የምትል ማኅተም ላስቀርጽ ነው።

እናቴ ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል። ማንኪያ ይዛ እንቅልፍ ይወስዳታል። ትናንት ልጄን በሚስቴ ስም ጠራቻት። ቅዝቃዜው ነው፣ ዕድሜም አለ፣ ካራቫን ውስጥ መዋል ራሱ ማንንም ያደነዝዛል። ሚስቴ ሥራ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ያዘችኝና "የእማማ ከንፈር ልክ አይደለም፣ ጠቁሯል" አለችኝ። አምፖሉ ነው አልኳት፤ ይሄ ርካሽ አምፖል ሁላችንንም ሬሳ ያስመስለናል። በመስታወት ራሴን አየሁ። የኔ ከንፈር ደህና ነው።

ለማንኛውም ሰኞ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። ሰኞ ስብሰባ አለ። ማክሰኞ።

ዓርብ 28

እናቴ አልነቃ አለች። ሚስቴ ናት ያየቻት። ስሟን ጠራኋት፣ ነቀነቅኳት፣ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነች። ሻምበል ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባት። እኔ ጫማዋን ይዤ ከኋላ ሮጥኩ። የያዝኩት የግራውን ብቻ ነበር።

ሐኪም ቤት አስተኝተዋታል። ኦክስጅን ላይ ናት።

እሑድ 30

ትንሽ ረጋ ብያለሁ። በቅደም ተከተል ልጻፈው። ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም።

ዓርብ ዕለት ኦክስጅኑን ከሰኩላት ብዙም ሳይቆይ ፊቷ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ሌላኛው ጫማዬ የት ነው አለች። ነርሷ ወደ ውጭ ጠርታ ቤት ያለው ማሽን ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል አልኳት። እርግጠኛ ነህ አለችኝ። እንዴት እርግጠኛ አልሆንም፣ ድምፁን እየሰማሁ ነው የማድረው! እንግዲያው ማሽኑ ተበላሽቷል፣ አስመርምረው አለችኝ።

ትናንት ከሻምበል ጋር ማሽኑን ከፈትነው። ደህና ነው። ቱቦውን እጄ ላይ አደረግሁት፣ አየሩ ይመጣል። ምን እንደሚጎድለው ለማወቅ የእናቴ አልጋ ላይ እንደሷ ተጋደምኩ፤ ሻምበል መጋረጃውን ዘጋልኝ። ያው ሌሊት የምሰማው ጉርምርምታ ነው። ከዚያ ማሽኑን አጠፋሁት።

ጉርምርምታው ቀጠለ።

ሻምበል ሳያውቅ ማብሪያዋን በክንዱ ተደግፎ ከፍቷት ነበር። ማራገቢያዋን።

ተነሥቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሒሳቡ አንድ በአንድ ይመጣብኝ ጀመር። ማሽኑ ጠፍቶ ሂተሩ ሁለት ቁጥር ላይ ሲሆን፣ ከነፍሪጁ፣ ከነማራገቢያዋ ልክ ይገባል። ብሬከሩ የማይወድቀው ለዚህ ነው። ልጄ ኮቷን ያወለቀችው ለዚህ ነው። እናቴ እኛ ስንተኛ ማሽኑን ታጠፋለች፣ ድምፁ እንዳይጎድለን ማራገቢያዋን ትከፍታለች፣ ሂተሩን ለልጄ ከፍ ታደርጋለች፣ ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ እንዳለ ትተወዋለች። ከንጋት በፊት ሂተሩንና ማሽኑን ትመልሳለች። ማራገቢያዋን ግን ትረሳታለች። ማን አስተማራት? እኔ። ቁጥር በቁጥር አስጠናኋት።

ፋብሪካዎች ከፍ አድርገው ይጽፋሉ፣ አልኩ። ፕላስተር፣ አልኩ። አምፖል፣ አልኩ። እኔን የመሰለ ደንቆሮ ምክትል ርዕሰ መምህር አድርጎ የሾመ ትምህርት ቤት ልጆቹን ምን እንደሚያስተምር እግዜር ይወቀው።

ማክሰኞ 2

ለልጄ ነገርኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ስለ ሂተሩ። ይቅርታውን አልሰማችውም። "እኔ እኮ ትንሽ ነው የበረደኝ፣ ትንሽ ነበር እኮ" እያለች አለቀሰች። የኔም እንባ መጣ፤ ሁለታችንንም ሚስቴ አቀፈችን።

ከዚያ ሐኪም ቤት ሄጄ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ልቆጣት አስቤ ነበር። ተሰናድቼም ነበር የሄድኩት። ግን ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ብቻ ጠየቅኳት።

"ልጅቷ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ እሰማለሁ" አለችኝ። "ልጅ እየበረዳት እኔ ምን ብዬ ነው የምተነፍሰው?"

ልትሞቺ ነበር እኮ እማዬ አልኳት። እሱንስ አልደለደልከውም አለችኝና ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። ሳሉ እስኪተዋት ጠበቅሁ። ያን ጊዜ፣ በዝናቡ ቀን፣ ስለ ማሽኑ ያልኩትን ሰምታ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"የቱን?" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሰምታለች።

ረቡዕ 3

ወደ ሻምበል በር ሄድኩ። ከካራቫኑ እስከ በሩ ይህን ያህል ሩቅ አይመስለኝም ነበር። እናቴን አስገባልኝ አልኩት። ሌላም ንግግር ነበረኝ፤ ስለ መጀመሪያው ቀን፣ ስለ ጉራዬ፣ ይቅርታም ነበረበት። ሻምበል እጄን ይዞ ኮሪደሩን አሳለፈኝና የክፍሉን በር ከፈተው። አልጋው ተነጥፏል። ብርድ ልብስ ታጥፎ እግርጌው ላይ ተቀምጧል። ከራስጌው አጠገብ፣ ሶኬቱ ሥር፣ ለማሽኑ የምትሆን አጭር ጠረጴዛ አለች።

"የመጣችሁ ዕለት ነው ያነጠፍኩት" አለኝ።

አንገቴን ደፍቼ ትራሱን አስተካከልኩ፤ የተስተካከለ ነበር።

እናቴ ግን አልገባም ብላ ነበር። ልጅቷም ከገባች እገባለሁ አለች። ሻምበል ሁለተኛ አልጋ ጨመረ። ችግሩ፣ ያ ክፍልና የግቢው ሶኬት አንድ ብሬከር ላይ ናቸው፤ ሌላውን የቤቱን መስመር ደግሞ አርጅቷል ብሎ ሻምበል ራሱ አያምነውም። ማሽኑና የክፍሉ ሂተር ከበሉ በኋላ ለካራቫኑ የሚተርፈው ለአምፖልና ለፍሪጅ ያህል ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ሌላ መስመር እስኪዘረጋ እኔና ሚስቴ ያለ ሂተር እናድራለን። ብሬከሩ ከወደቀ ማሽኑ ነው የሚቆመው። ሚስቴ ሳልነግራት የካራቫኑን ሂተር ነቅላ መኪናው ውስጥ ቆለፈችበት። ስለማታምነኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። አዎ አለችኝ።

ሰኞ 8

እናቴ ከሐኪም ቤት ከወጣች አምስተኛ ቀኗ። ጠዋት ከሥራ በፊት እሷ ዘንድ እገባለሁ። ድምፅ ስለማላምን ቱቦውን ጫፉ ላይ እዳስሳለሁ፣ ማሽኑ ላይ እጄን አደርጋለሁ፣ ከዚያ እሷን አያለሁ። መርማሪ መጣ ትለኛለች። ከንፈሯ ቀልቷል። ልጄ ከጎኗ ባለው አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብሷን ረግጣ ጥላ ተኝታለች።

ዛሬ ልወጣ ስል እናቴ ጠራችኝ። እናንተስ እዚያ ይሞቃችኋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

"እንዴታ! መስኮት ከፍተን ነው የምናድረው" አልኳት። ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ የፒጃማዬን ሱሪ ከሥር ለብሼ ነው ይህን የምለው።

እጅህን አምጣ አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ሰጠኋት። ጉንጯ ላይ አስጠጋችው፤ በረዶ ነው።

"ውሸታም" አለችኝ።

ማን ለማን እንደሚል! መልስ ነበረኝ፤ ጥሩ መልስም ነበር። እሷ ግን እጄን በሁለት እጇ ይዛ ማሸት ጀመረች። እኔም ለትምህርት ቤት እየረፈደብኝ፣ እስኪሞቅልኝ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።